ለባለ ባርኔጣው ሽፍታ የሰጠሁት ስም

ኅዳር ፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ሰኞ

ጣሊያኖቹ ምሳ በልተው ይተኛሉ። ከሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ከዝንብ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ይህን ደብተር ከስንዴ መጋዘኑ አግኝቼ በእጀ ጠባቤ ሥር ሸጉጬ አወጣሁት። ስምንት ዓመት የቆሎ ተማሪ ሆኜ ስኖር ሁሉን በቃሌ ነበር የምይዘው። አሁን ጠዋት የሰማሁት ማታ ይጠፋኛል፤ ፍርሃት ያስረሳል። ስለዚህ እጽፋለሁ። ካገኙት ይሰቅሉኛል። አርበኞቹ ካገኙትም ያው ነው።

ዛሬ የጣሊያኖቹ አለቃ ካፒታኖው አስጠራኝ። «ድምፅህ ጥሩ ነው አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ትዘምር ነበር?» አለኝ። ነበር አልኩት። «እንግዲህ ለሲኒማ ትዘምራለህ» አለና ሳቀ። በየቅዳሜው ከገበያ በኋላ ለሕዝቡ ሲኒማ ሊያሳይ ነው፤ እኔ ሸራው አጠገብ ቆሜ ጣሊያንኛውን በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ሲኒማ አይቼ አላውቅም። አሥመራ ልብስ ሰፊ ቤት አራት ዓመት ስሠራ የሲኒማውን ቤት ከውጭ አውቀው ነበር፤ እኛ አንገባም።

እሺ አልኩ። ለዚህ ሰው እሺ ያላልኩት ነገር የለም። አምና አስተርጓሚ አድርጎ ሲቀጥረኝ «ሚስትህ ወንድም አላት?» ብሎ ጠይቆኝ የላትም ብዬ ፈርሜያለሁ። ጤናዬ ግን ወንድም አላት። አበረ ይባላል፤ ጮቄ ተራራ ሥር ካሉት አርበኞች ጋር ከሆነ ዓመት አልፎታል።

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። ብሰርዘውም ይነበባል።

ኅዳር ፲፩፣ እሑድ

ሲኒማ የሚባለውን አየሁ።

መጋዘኑ ፊት ሁለት ግንድ ተክለው በመካከሉ ትልቅ ነጭ ሸራ ወጠሩ። ጣሊያኖቹ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ የእኛ ሰው ከሸራው ጀርባ ሣር ላይ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ሥዕሉ ሸራውን አልፎ ይታያል፤ ለእኛ ግን ሁሉ ነገር ተገልብጦ ነው። ሰዎቹ በግራ እጃቸው ሰላም ይባባላሉ፣ በግራ ይበላሉ፣ በግራ ይጽፋሉ። ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ሐዋርያት «እንደው ይህ ሁሉ ሰው ግራኝ ሆኖ የተፈጠረበት አገር ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሩቅ ነው አልኳቸው።

በመጀመሪያ መርከብ፣ ወታደር፣ በሞተር የሚወቃ ስንዴ አሳዩ። ሰው አዛጋ። ቀጥሎ የፍቅር ነገር መጣ። አንድ ወጣት አንዲቱን ሴት አቅፎ አፏን ሳማት፤ ፊታቸው የቤት ግድግዳ ያህላል። ሴቶቹ ሁሉ በነጠላቸው ተሸፈኑ፣ አንድ ቄስ ተነሥተው ቆሙ። ደነገጥኩና «እኅቱ ናት፤ ከሩቅ አገር መጥታ ነው» አልኩ። ዳግመኛ ሳማት፤ ይኸኛው ደግሞ ረዘመ። ከኋላ አንዱ «እውነትም ከሩቅ ነው የመጣች» አለና ሣሩ ላይ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ምን ያደርጋል፣ ሲኒማው ሊያልቅ ሲል ሁለቱ ተጋቡ። እኅቱን አገባ ተባለ። እማሆይ እስከ ቤታቸው እያማተቡ ሄዱ።

ካፒታኖው ምን አሳቃቸው አለኝ። ደስ ብሏቸው ነው አልኩት።

የሲኒማውን መኪና የሚያንቀሳቅሰው ወታደር ብሩኖ ይባላል። ያሉት አራት ሲኒማዎች ብቻ እንደሆኑና ቀጥሎ ያለው የአሜሪካ ሽፍቶች ታሪክ እንደሆነ ነገረኝ። ጣሊያኖቹ አርበኛውንም ሽፍታ ነው የሚሉት።

ኅዳር ፲፬

ጉንደ ወይን የነበረው አስተርጓሚ በገዛ ደጃፉ ተገድሎ ተገኘ። ማን ገደለው ብሎ የጠየቀ የለም። ሁለት ጊዜ አብረን እራት በልተናል፤ ሳቂታ ሰው ነበር። ዛሬ በሌላ መንገድ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ኅዳር ፲፰፣ እሑድ

ትናንት ማታ ያየሁትን ሳልጽፍ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ከተማው ግንብ ብቻ ነው፤ ዝናብ ይዘንባል፣ መንገዱ እንደ መስተዋት ያበራል። ሽፍታው ፈረስ የለው፣ በቅሎ የለው፤ ጥቁር አውቶሞቢል አለው። ጋቢ አይለብስ፤ ኮት ለብሶ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል። በአውቶሞቢሉ መስኮት መትረየስ አውጥቶ ሲተኩስ ሣር ላይ ያለው ሰው ሁሉ በደረቱ ተኛ። እኔም ግንዱን ተከልዬ ነው የቆየሁት። አውቶሞቢሉ በቀጥታ ወደ እኛ ሲመጣ ሕፃናት ያዘሉ ሴቶች ተነሥተው ሮጡ፤ ከሸራው ሳይወጣ ሲቀር ተመለሱ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። «ማን ይባላል? የማን ልጅ ነው? ለምን ሸፈተ?» ጣሊያንኛው ይሮጣል፤ ከሦስት ቃል አንዱን ነው የምይዘው። የያዝኩትም ቢሆን ለእኛ ሰው የሚነገር አይደለም፤ ሰውዬው መጠጥ የሚሸጥበት መንደር የኔ ይሁን ነው የሚለው። ይህን ስነግራቸው «በዚህ ይሸፈታል? ርስቱን ነጥቀውት ይሆናል እንጂ» አሉ። ከሮብ ገበያ ወዲያ ገብስ እየጫነ የሚመጣው ገበሬ ደምለው «ደም ሳይኖርበት አይቀርም፤ ደህና አድርገህ ስማው እንጂ አስተርጓሚው» አለኝ። ጨነቀኝና አባቱን ዳኛው አስገድሎበት ነው አልኩ። በሲኒማው ውስጥ አባት የለ፣ ዳኛ የለ። ግን እንደዚያ ካልኩ በኋላ አንድ የሚያጉረመርም አልነበረም። ሁሉም የሽፍታው ወገን ሆነ።

ወዳጅ አለው፣ አጭር፣ ቀጭን ሪዝ ያለው። ያ ሰው አንድ ምግብ ቤት ገብቶ ከፖሊስ አለቃ ጋር በሹክሹክታ ይነጋገራል። እዚህ ላይ መተርጎሜን ተውኩ፤ «ምን አለ?» እያሉ ጮኹብኝ። ሽፍታው እናቱን ሊያይ ሲመጣ ደረጃው ላይ ከበቡት። ባርኔጣው በጎርፉ ውስጥ እየተንከባለለ ሄደ። እናቲቱ በሩን ከፍታ ቆመች፤ ፊቷን እስኪነጋ አልረሳሁትም።

ሴቶቹ ብድግ ብለው ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። ደምለው ዱላውን ይዞ ወደ ሸራው ዘሎ ሸለለ፤ ፎከረ፤ ደሙን አልተውም አለ። ጣሊያኖቹ ከወዲያኛው በኩል አንገታቸውን እያወጡ አዩት። እኔም አለቀስኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ካፒታኖውንም፣ ጉንደ ወይንንም፣ አበረንም አላስታወስኩም ነበር። ደግሜ ባየው እወዳለሁ። እንዲህ ማለቴ ያሳፍረኛል።

ሰውዬው ምን ሆነ? አጭሩ ማለቴ ነው። ብሩኖን ጠየቅሁት። ስለ እሱ ማን ይጨነቃል አለኝ።

ኅዳር ፲፱

ካፒታኖው ቡናውን እያማሰለ፦ «ሽፍታ መጨረሻው ምን እንደሆነ እንዲያዩ ነበር ያሳየሁት። ለምን አለቀሱ? ያ ባለ ዱላው ማን ነው?»

ስሙን ነገርኩት። ስሙን ብቻ። አገሩን ሲጠይቀኝ ከሮብ ገበያ ወገን ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ይህን ደግሞ ገበያው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ባልናገር ሌላው ይናገረው ነበር።

ኅዳር ፳፩

ደምለውን ወሰዱት። አህዮቹ እንደተጫኑ ገበያው ላይ ቀሩ።

ጤናዬ እራት አልበላችም። ኋላ ወጥ ቤት ስገባ ወደ ግድግዳው ዞራ «የአበረን የደህንነት ወሬ የሚያመጣልኝ ደምለው ነበር» አለችኝ። በገብሱ አሳብቦ ነበር ለካ የሚመጣ። አላውቅም ነበር። ሦስት ጆንያ ገብስ ቤታችን ሞልቶ ሳለ አራተኛ ስትገዛ አይቼ ዝም ብያለሁ እንጂ አላውቅም ነበር።

ማን እንደ ጠቆመ አልጠየቀችኝም።

ኅዳር ፳፫

ዛሬ ከሥራ ስመለስ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት አጥር ሥር ቆመው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ የዚያን የሟቹን ክርስትና ስም ንገረኝ።»

«የትኛው ሟች፣ እማሆይ?»

«ያ ባርኔጣ ያለው። ሳይናዘዝ፣ ሳይቆርብ፣ እናቱ ደጃፍ እንደ ውሻ የወደቀው። ማን ፍትሐት ያደርግለታል? የነፍስ አባቴን እለምናቸዋለሁ።»

ሥዕል ነው፣ የሞተ ሰው የለም አልኳቸው። ቀና ብለው በሐዘን አዩኝ። «ሥዕል ይሞታል? እኔ ደሙን አይቻለሁ። እናቱንም አይቻለሁ። ፈረንጅ ቢሆንስ የእናት ልጅ አይደለም?» እንግዲህ ለእሳቸው ምን ይባላል። መምሸቱ ነው፣ መንገዱ ላይ ሁለት ባንዶች ይመጣሉ፣ ቆሜ ስለ ሽፍታ ሳወራ እንዳያገኙኝ ፈራሁ። «ተክለ አልፋ» አልኳቸውና ገባሁ።

ዘግቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የማን ስም እንደሆነ ያወቅሁት። የአበረ ክርስትና ስም ነው።

ኅዳር ፳፭፣ እሑድ

ያንኑ የሽፍቶች ሲኒማ ደግመው አሳዩ። አጀብ ነው። ሰው ሁሉ ሽፍታውን በሕይወት ሲያየው እልል አለ፤ ከዚያ ወደ እናቱ ቤት ሲያመራ በአንድ ድምፅ ይለምነው ጀመር። «አትግባ፣ ከበውሃል። ያለፈው ቅዳሜ እዚያው በር ላይ ነው የገደሉህ። በጓሮ ዙር።» እሱ አይሰማም፤ ባርኔጣውን አስተካክሎ ይገባል። ካፒታኖው ወንበሩን ትቶ ወደ እኛ ወገን መጣና ጩኸቱን ሁሉ ቆሞ ሰማ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ፪፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የእማሆይ የነፍስ አባት ፍትሐት ሲያደርሱ «ነፍሰ ተክለ አልፋ» ብለው ጠሩ። ጤናዬ ከሴቶቹ በኩል ነበረች። ወደ እሷ ለማየት አልደፈርኩም።

ቤት ስንደርስ በሩን ዘጋችና «መቼ ነው የሞተ?» አለችኝ።

«ማን?»

«ከጽሕፈት ቤት ሰምተህ ደብቀኸኛል። መቼ ነው?»

ሁሉን ነገርኳት፤ የሲኒማውን፣ የእማሆይን፣ አጥር ሥር የሆነውን። ጨርሳ ሰማችኝ። «እማሆይ ስም ቢጠይቁህ፣ ለዚያ ፈረንጅ የወንድሜን ስም ሰጠኸው?»

«አፌ ላይ መጣ።»

«ስንት ስም እያለ እሱ እንዴት መጣ?»

መልሱን ይህን ገጽ ከጀመርኩ ወዲህም እየፈለግሁ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። አንድ ሰው የገዛ ዘመዱን ስም ከሟች ጋር አድርጎ የሚያስበው መቼ ነው?

ታኅሣሥ ፮

አላመነችኝም። ወይም ግማሹን አምናለች፣ ግማሹን ትታለች። ለቅሶ እንዳትቀመጥ ለመንኳት፤ ከተቀመጠች ወንድም እንዳላት ይታወቃል፣ ፊርማዬ ይወጣል፣ ሁላችንም አለቅን። እሺ አለች። ግን ጠጕሯን ፈትታ በሻሽ አስራዋለች፤ በከተማው ውስጥ ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር፣ ብታውቀውም ባታውቀውም፣ ሄዳ ታለቅሳለች። ትናንት የአንድ የማናውቀው ልብስ ሰፊ ቀብር ላይ ወድቃ በሰው ተደግፋ መጣች። ሰዎቹ «ምን ያህል ቢዋደዱ ነው» እያሉ ነበር አሉ።

ታኅሣሥ ፲፪

የደምለው ሚስት ሥራነሽ በየረቡዑና በየቅዳሜው ስንቅ ልታቀብል ትመጣለች። ዛሬ እኛ ቤት ገብታ ውሃ ጠጣች። ሁለቱ ሴቶች ስገባ ዝም አሉ። ሥራነሽ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጅ ነሣችኝና «እርስዎ ካፒታኖው ዘንድ ይደመጣሉ፤ ለደምለው አንድ ቃል ይናገሩልኝ» አለች። እናገራለሁ አልኩ። አልተናገርኩም። ነገ እናገራለሁ።

ታኅሣሥ ፳

አበረ በሕይወት አለ። ሥራነሽ ተራራ ወጥታ መልስ ይዛ መጣች። ጤናዬ ስትነግረኝ እየሳቀች፣ እያለቀሰች ነበር፤ እንዲህ ስትሆን ካየኋት ስንት ጊዜዬ። «ምን አለ መሰለህ? ‹ሳልሞት በፍትሐት የተፈታሁት እኔ ብቻ ነኝ። የከተራ ዕለት መጥቼ ስሜን የወሰደውን ፈረንጅ ካላየሁት አልሞትም› አለ።» በከተራ አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ይወጣል፤ በዚያ ሕዝብ መካከል ማን ያውቀኛል ብሏል።

ከዚያም እጄን ይዛ «በከንቱ ጠርጥሬህ ነበር፤ ይቅር በለኝ» አለችኝ።

ለምን ነገረችኝ?

ታኅሣሥ ፳፬

ካፒታኖው ያውቃል።

መጀመሪያ በሳቅ ነው የጀመረው። «ለሲኒማ ሽፍታ ፍትሐት አደረጉለት አሉኝ፤ እውነት ነው?» እውነት ነው አልኩት። ሳል እስኪይዘው ሳቀ። መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና፦ «ተክለ አልፋ የሚባል ግን እውነተኛም አለ ይሉኛል። አበረ ይሉታል ሌላው ስሙን። የሚስትህ ወንድም ነው።»

ወንበሩን ይዤ ቆምኩ። ፊርማዬ ያለበትን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል አልተናገረም። የጉንደ ወይኑን አስተርጓሚ የገደሉት የአበረ ጓደኞች ናቸው አለ። ቀጥሎ ማን እንደሆነ መገመት አያቅትህም አለ።

«እኔ ምንም አልጠይቅህም። ከተራ ማታ ጥምቀተ ባሕሩ ሜዳ ላይ ያንኑ ሲኒማ አሳያለሁ። አንተ እንደ ወትሮህ ቆመህ ትተረጉማለህ። የእኔ ሰዎች መልኩን አያውቁትም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ካየኸው እጅህን ወደ አፍህ አንሣ። በቃ።»

ላይመጣ ይችላል አልኩ። ምነው ይህን ባልኩ? የሚመጣ እንደሆነ አውቃለሁ ማለቴ አይደለም? ግን ካፒታኖው ከተራን ያነሣው ከእኔ በፊት ነው። እኔ አይደለሁም የነገርኩት።

ታኅሣሥ ፴

ገና ትናንት ዋለ። ሥጋው አፌ ውስጥ ገመድ ሆነብኝ። በግድ ነው የዋጥኩት።

እጄን አላነሣም። በልቤ ቈርጫለሁ። እጄን አላነሣም።

ጥር ፪

ዛሬ ለጤናዬ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ጠላ እየጠመቀች ነበር፣ «ለአበረ ነው» አለችኝ፤ እንዲያ ደስ ብሏት ስታንጎራጉር መናገር አልቻልኩም። ነገ።

ጥር ፭

ሥራነሽ መጣች። አንድ ቃል ብልክ ይበቃ ነበር፤ «እንዳትመጣ» ማለት ብቻ። በር ላይ ሸኘኋት። ለደምለው የሚሆን ዳቦ ሰጠኋትና ዝም አልኩ። ባንዳ ይከተላት ይሆናል፣ ብትያዝ ከእኔ መሆኑን ትናገራለች ብዬ ነው። ደግሞ ተራራው ሩቅ ነው፤ ብትደርስም ላይሰማት ይችላል።

አበረ እልከኛ ነው። ድሮም እልከኛ ነበር። ብንነግረውም ይመጣ ነበር።

ጥር ፰

ሌሊቱን ሁሉ ስቃዥ አደርኩ። እኔ ባርኔጣ አድርጌአለሁ።

ይህን ደብተር ማቃጠል አለብኝ።

ጥር ፱

ለጤናዬ ነግሬያታለሁ። «የከተማው ጥበቃ በዝቷል» አልኳት። ይህ ማስጠንቀቂያ አይደለም? ለሚገባው ይበቃል። «እሱ ጥበቃ አይፈራም» አለችኝ።

ጥር ፲፪፣ ዓርብ

አበረን ያዙት።

የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ። ታቦታቱ ወርደው ድንኳን ገብተዋል፤ ካህናቱ ያሸበሽባሉ። ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ሸራውን ወጥረዋል። ሕዝቡ ከአምናው ይበልጣል። አስማማው የሚባለው ባንዳ እኔ አጠገብ ቆመ። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ያዝኩ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልፈታኋቸውም። ይህን ያየ ብዙ ሰው አለ።

መተርጎም ጀመርኩ። ሰዉ ሲኒማውን በቃሉ ይዞታል፤ እኔ ሳልናገር እነሱ ይናገራሉ። ሽፍታው ወደ እናቱ ቤት ሲያመራ ሜዳው ሁሉ ተነሣ። «አትግባ፣ ከበውሃል» እያለ አንድ ሺህ ሰው ሸራውን ይለምናል። በዚያ ጩኸት ውስጥ አራት ሰዎች ከሕዝቡ መካከል አንዱን ባለ ጋቢ በብብቱ ይዘው አነሡት። ማንም አላየም፤ ሁሉ ሰው ወደ ሸራው ነበር የሚያየው። ሁለት እርምጃ ከተጎተተ በኋላ ነው አጠገቡ የነበረችው ሥራነሽ የጮኸችው፤ የእሷም ጩኸት ከሌላው ጋር ተቀላቀለ።

እጄን አላነሣሁም። አበረን አላየሁትም።

ጥር ፲፫

አይቼዋለሁ። አንድ ጊዜ። የት እንደተቀመጠ ባላውቅ እንዴት ከእሱ ዓይኔን እመልሳለሁ? ለማወቅ ነው ያየሁት፤ ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ላለማየት።

ጥር ፲፬፣ እሑድ

ሁለት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ቆየ። ከሥራነሽ በስተግራ፣ በጋቢው እስከ አፍንጫው ተሸፍኖ ነበር። ሽፍታው አውቶሞቢል ውስጥ ሲገባ ጋቢው ወርዶ እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ አየሁት። እኔ እሱን እያየሁ ነበር የምተረጉመው።

አስማማው ሸራውን አንድ ጊዜም አላየም። ፊቴንና ዓይኔ የሚያርፍበትን ነበር የሚያየው። ይህን ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቅ ነበር። ስቆም ነው ያወቅሁት።

ሲይዙት የተሰማኝን ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ የምናገረው የለኝም። እፎይ አልኩ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል እንደ ዳነ ሰው እፎይ አልኩ።

ጥር ፲፮፣ ማክሰኞ

ካፒታኖው ወረቀቴን ፊቴ ቀደደው። ከዚያ ሌላ ወረቀት ሰጠኝ። ፍርዱ ነው። ቅዳሜ በገበያው መካከል እኔ በአማርኛ አነበዋለሁ፤ ከዚያ ይሰቀላል። ሌላ አስተርጓሚ ከደጀን ይምጣ ብዬ ለመንኩት። «ድምፅህ ጥሩ ነው» አለኝ።

ጤናዬ ዛሬ እስር ቤት ገብታ ወንድሟን እንድታይ ፈቀዱላት። ስትመለስ አላለቀሰችም። እግሬን ልታጥበኝ ውሃ አሙቃ መጣች፤ ተዪው አልኳት፣ አልተወችም። አጎንብሳ እያጠበች፦

«ሥራነሽ ነግራኛለች። እጅህን ከኋላህ አስረህ እንደ ቆምክ፣ እንዳልጠቆምክ፣ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። አንዳንዱ ያው አስተርጓሚ ነው ሲል ነበር፤ አፉን አስዘጋሁት።»

ሌላኛውን እግሬን ሳበች።

«አበረም ነግሮኛል። ‹ፍሥሐ አየኝ› አለኝ። ‹ያ ሁሉ ጣሊያንና ባንዳ አጠገቡ ቆሞ፣ ሳይፈራ፣ ሳያፍርብኝ፣ ዓይኑን አንሥቶ አየኝ። ሁለት ጊዜ። እኔም ፈገግ አልኩለት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ዘመድ እንዳለኝ ተሰማኝ› አለኝ። ይህን ስትሰማ ደስ ይልሃል ብዬ ነው።»

እግሬን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች። ፍርዱን እኔ እንደማነበው ሰምታለች፤ በዚህ አልተቆጣችም። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። ቅዳሜ ወረቀቱን ስጨርስ፣ ገመዱን ሳያገቡለት፣ እንደዚያ ማታ ዓይኔን አንሥቼ እንዳየው።

እሺ አልኳት።